የትርፍ ድርሻን ማን ይወስናል? የዳይሬክተሮች ቦርድ የውሳኔ ሐሳብና የጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ፣ ከመርካቶ የገበያ ማዕከላት አንጻር

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ አክሲዮን ማኅበራት የትርፍ ድርሻ ክፍያ የሚጸድቅበትን ሥርዓት ይመረምራል። በንግድ ሕጉ መሠረት የዳይሬክተሮች ቦርድ ሐሳብ አቅራቢ፣ የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ ወሳኝ ነው። ይሁን እንጂ ለጉባኤው የሚቀርበው አኃዝ የሚወለደው በቦርዱ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ የቦርዱ ውሳኔ ከሐሳብነት ያለፈ ክብደት አለው። ጽሑፉ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ፣ ነጋዴዎች ተደራጅተው የገነቧቸውን የገበያ ማዕከላት መነሻ ያደርጋል። የሚያቀርበው መከራከሪያ አንድ ነው፤ ከባለአክሲዮኖቹ ከፊሎቹ የማኅበሩ ተከራዮች በሆኑበት ድርጅት፣ ትርፉ መከፋፈል የሚጀምረው ቦርዱ የሱቅ ኪራይ ተመን ባወጣበት ዕለት ነው። ስለዚህ የትርፍ ድርሻ ውሳኔ ከኪራይ ውሳኔው ተነጥሎ ሊመረመር አይገባም።

መግቢያ

በጣሊያን ወረራ ዘመን የከተማዋ ዋና ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ ከተዛወረ ወዲህ፣ በዚያ የሚነግድ ሰው ራሱን የሚያስተዋውቀው በተራው ነው። ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ የሚሉት ስሞች የዕቃ ዓይነትን ብቻ ሳይሆን የመተማመንና የዱቤ ትስስርን ጭምር ያመለክታሉ። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት የከተማው መልሶ ማልማት ወደ አካባቢው ሲደርስ፣ ባለሱቆች ቦታቸውን ላለመልቀቅ በአክሲዮን ማኅበር ተደራጅተው በቆርቆሮ ሱቆቻቸው ምትክ ባለፎቅ የገበያ ማዕከል የገነቡባቸው ተራዎች ጥቂት አይደሉም። በዚህም ትናንት የሱቁ ባለይዞታ የነበረ ነጋዴ ዛሬ በአንድ ጊዜ የሕንፃው ባለቤት ማኅበር ባለአክሲዮንና የዚያው ማኅበር ተከራይ ሆነ።

ይህ ድርብ ማንነት ስለ ትርፍ ድርሻ የሚነሣውን ጥያቄ ያወሳስበዋል። ክፍያ በዘገየ ወይም ባነሰ ቁጥር «ቦርዱ ከለከለን» ማለት ይቀላል፤ በሕጉ ግን ቦርዱ የመከልከልም ሆነ የመፍቀድ የመጨረሻ ሥልጣን የለውም። በሌላ በኩል «ጉባኤው ወስኗል» የሚለው መልስም ሙሉ አይደለም፤ ጉባኤው ድምፅ የሚሰጠው ቦርዱ ባዘጋጀው ሂሳብ ላይ ነውና። በእነዚህ ሁለት አባባሎች መካከል ያለውን ክፍተት መረዳት ለሕግም ሆነ ለሂሳብ አያያዝ ተመራማሪ ጠቃሚ ነው።

ከዕቁብ ወደ አክሲዮን

የመርካቶ ነጋዴ ከአክሲዮን ማኅበር በፊት የሚያውቀው የጋራ ገንዘብ ተቋም ዕቁብ ነው። በዕቁብ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የሚሠሩት በታወቀ ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ አባል የጣለው ገንዘብ በዓይን ይታያል፤ ዕጣው በሁሉም ፊት ይወጣል፤ የደረሰው ሰው ዋስ ጠርቶ ይወስዳል። ዳኛው «በዚህ ሳምንት ግማሹን ለክፉ ቀን እናስቀምጥ» ብሎ የማስቀረት ሥልጣን የለውም። የሚከፋፈለው ነገር መጠን ከጅምሩ ይታወቃል፤ የማይታወቀው ተራው የማን እንደሆነ ብቻ ነው።

በአክሲዮን ማኅበር ነገሩ ይገለበጣል። ተቀባዩና ያለው የአክሲዮን ብዛት በመዝገብ ይታወቃል፤ የማይታወቀው የሚከፋፈለው መጠን ነው። ያ መጠን የሚገኘው ገቢን ከወጪ በማነጻጸር፣ የእርጅና ቅናሽን በመገመት፣ የማይሰበሰብ ኪራይን በመለየትና መጠባበቂያ በመቀነስ ነው። እነዚህ ሁሉ የግምትና የፍርድ ሥራዎች ናቸው። በዕቁብ ያደገ የመተማመን ባህል ከአክሲዮን ማኅበር ጋር ሲገናኝ ቅሬታ የሚፈጠርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አባሉ ገንዘቡን ቆጥሮ ከማመን ሌሎች የሠሩትን ሂሳብ አንብቦ ወደ ማመን መሸጋገር ይጠበቅበታል።

የሕጉ አቀማመጥ

የኢትዮጵያ የአክሲዮን ማኅበር ሕግ መሠረት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነው። ረቂቁን በዣን ኤስካራ ጀማሪነትና በአልፍሬድ ዦፍሬ ፈጻሚነት ያዘጋጁት ፈረንሳውያን የሕግ ሊቃውንት ስለነበሩ፣ ሕጉ በማኅበር አስተዳደር ረገድ ለጠቅላላ ጉባኤ ከፍ ያለ ቦታ የሚሰጠውን የአውሮፓ አህጉራዊ ልማድ ተከትሏል። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ብዙ ነገር ቢያሻሽልም፣ ዓመታዊ ሂሳብን የማጽደቅና ስለ ትርፍ አደላደል የመወሰን ሥልጣን የጠቅላላ ጉባኤው መሆኑን አልለወጠም።

የ1952ቱ ሕግ በዚህ ረገድ ያስቀመጠው ዋና መርሕ አጭር ነው፤ የትርፍ ድርሻ የሚከፈለው በጸደቀ የሂሳብ ሚዛን ላይ ከታየ የተጣራ ትርፍ ብቻ ነው። ከዚህ ውጭ የተከፈለ ድርሻ የይስሙላ ድርሻ ነው፤ ዳይሬክተሮችንም በኃላፊነት ያስጠይቃል። መርሑ የሚጠብቀው በቀዳሚነት ገንዘብ ጠያቂዎችን ነው። የባለአክሲዮኖች ኃላፊነት ባዋጡት መዋጮ የተወሰነ ስለሆነ፣ ለማኅበሩ ያበደረ ባንክም ሆነ በዱቤ ሲሚንቶ ያቀረበ ነጋዴ የሚተማመነው በማኅበሩ ሀብት ብቻ ነው። ካፒታል «ትርፍ» በሚል ስም ከወጣ ዋስትናቸው ይሸረሸራል።

የሌሎች አገሮች ሥርዓት የኢትዮጵያን አቋም ጎልቶ እንዲታይ ያደርጋል። በአሜሪካ የዴላዌር ግዛት ሕግ የትርፍ ድርሻን የሚያውጀው ራሱ የዳይሬክተሮች ቦርድ ነው፤ ባለአክሲዮኖች አይጠየቁም። በእንግሊዝ በተለመደው የማኅበራት መተዳደሪያ ደንብ ዓመታዊ ድርሻን የሚያጸድቀው ጉባኤው ሲሆን፣ ዳይሬክተሮች ካቀረቡት መጠን ግን ማሳነስ እንጂ ማሳደግ አይችልም። ቦርድ ብቻውን በሚወስንበት ሥርዓት የባለአክሲዮኖች መጨረሻ ፍርድ ቤት ነው። የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1919 በዶጅ ወንድማማቾችና በፎርድ ሞተር ኩባንያ መካከል በነበረው ክርክር፣ ኩባንያው ከፍተኛ ትርፍ አከማችቶ ልዩ ድርሻ መከልከሉን ተችቶ እንዲከፍል ማዘዙ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። በኢትዮጵያ ግን ባለአክሲዮኑ ከፍርድ ቤት በፊት የሚደርስበት መድረክ አለው፤ እርሱም ጉባኤው ነው። ጥያቄው መድረኩን በምን ዓይነት መረጃ ይረግጠዋል የሚለው ነው።

የቦርዱ ውሳኔ ደረጃዎች

ቦርዱ የትርፍ ድርሻ ሐሳብ ከማቅረቡ በፊት የሚያልፋቸው ደረጃዎች አምስት ናቸው።

አንደኛው ሂሳብን መዝጋት ነው። የበጀት ዓመታቸው ሰኔ 30 በሚያበቃ ማኅበራት ይህ ሥራ የሚጀምረው በሐምሌ ነው። ቦርዱ የሀብትና ዕዳ መግለጫውን፣ የትርፍና ኪሳራ መግለጫውንና ዓመታዊ ሪፖርቱን ያዘጋጃል። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ሊቋቋም የቻለ ሲሆን፣ ሪፖርቶች ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎችን እንዲከተሉ የሚያስገድደውም ይኸው አዋጅ ነው።

ሁለተኛው የውጭ ኦዲተር ምርመራ ነው። ኦዲተሩን የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባኤው ስለሆነ፣ ኦዲተሩ መልስ የሚሰጠው ለመረጠው ጉባኤ ነው። የኦዲተሩ አስተያየት ከመድረሱ በፊት ስለ ድርሻ መጠን የሚደረግ የቦርድ ውይይት ቅድመ ምክክር እንጂ ውሳኔ ሊሆን አይገባም።

ሦስተኛው የሚከፋፈለውን መጠን መለየት ነው። ከተጣራው ትርፍ ላይ ካለፉት ዓመታት የተንከባለለ ኪሳራ ካለ ይሸፈናል፤ ሕጋዊ መጠባበቂያ ይቀነሳል፤ የመተዳደሪያ ደንቡ የሚያዝዘው ሌላ መጠባበቂያ ካለ ይታከላል። በ1952ቱ ሕግ ሕጋዊ መጠባበቂያው የካፒታሉን አንድ ዐሥረኛ እስኪሞላ ድረስ ከየዓመቱ የተጣራ ትርፍ ቢያንስ አንድ ሃያኛው ይቀመጣል።

አራተኛው የቦርዱ ስብሰባና ድምፅ ነው። ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱ ይረጋገጣል፤ የፋይናንስ ኃላፊው ያስረዳል፤ ውይይት ይደረጋል፤ ድምፅ ይሰጣል፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። እዚህ ላይ የ1952ቱ ሕግ ያስቀመጣቸው ሁለት ነጥቦች ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው፣ ተገቢውን ጥንቃቄና ትጋት ማድረጋቸውን የማስረዳት ሸክም የወደቀው በዳይሬክተሮቹ ላይ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በውሳኔው ያልተስማማና ጥፋት የሌለበት ዳይሬክተር ከኃላፊነት ነጻ የሚሆነው ተቃውሞው ወዲያውኑ በቃለ ጉባኤ መዝገብ ሲሰፍርና ለኦዲተሮች ሲላክ መሆኑ ነው። በስብሰባ ዝም ብሎ በኋላ በሻይ ቤት «እኔ አልተስማማሁም ነበር» ማለት በሕግ ፊት ዋጋ የለውም።

አምስተኛው ሐሳቡን ለጠቅላላ ጉባኤ ማቅረብ ነው። የ1952ቱ ሕግ መደበኛው ጉባኤ የበጀት ዓመቱ በተፈጸመ በአራት ወራት ውስጥ እንዲደረግ ይደነግግ ነበር። ጉባኤው ሂሳቡን አጽድቆ ስለ ድርሻው ሲወስን፣ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ተስፋ ብቻ የነበረው ነገር ማኅበሩ ለእያንዳንዱ ባለአክሲዮን የሚከፍለው ዕዳ ይሆናል። በሕግ የሚጸና መብት የሚወለደው በዚህ ቅጽበት ነው።

ስሌቱ በምሳሌ

ደረጃዎቹን በቁጥር ለማሳየት አንድ የገበያ ማዕከል አክሲዮን ማኅበር በሐሳብ ይታይ። ካፒታሉ 100,000,000 ብር፣ የአክሲዮኖቹ ብዛት 100,000፣ የአንዱ ዋጋ 1,000 ብር ነው እንበል። ከግብር በፊት የዓመቱ ትርፍ 20,000,000 ብር ቢሆን፣ 30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብር 6,000,000 ብር ተቀንሶ የተጣራው ትርፍ 14,000,000 ብር ይሆናል። ከዚህ 5 በመቶ ሕጋዊ መጠባበቂያ፣ ማለትም 700,000 ብር ሲነሣ፣ ጉባኤው ሊወስንበት የሚችለው 13,300,000 ብር ይቀራል።

ቦርዱ 6,000,000 ብር እንዲከፋፈል ሐሳብ ቢያቀርብ ለአንድ አክሲዮን 60 ብር ይደርሳል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ ባስቀመጠው ተመን 10 በመቶ ግብር ማኅበሩ ቀንሶ ቢያስቀር፣ ባለአክሲዮኑ እጅ የሚገባው 54 ብር ነው። 100 አክሲዮን ያለው ሰው 5,400 ብር ያገኛል ማለት ነው።

የቀረው 7,300,000 ብር «በካዝና ይቆይ» ቢባልም ነገሩ እዚያ አያበቃም። ይኸው አዋጅ ሳይከፋፈል በቀረና መልሶ ለሥራ ባልዋለ ትርፍ ላይ 10 በመቶ ግብር ጥሏል፤ በምሳሌው 730,000 ብር መሆኑ ነው። ገንዘቡ ወደ ካፒታል ይዙር ከተባለ ደግሞ 7,300 አዲስ አክሲዮኖች ይወጣሉ። ያኔ 100 አክሲዮን ያለው ሰው የሚደርሰው 7.3 አክሲዮን ነው። ክፍልፋዩ በጥሬ ገንዘብ ይከፈለው ወይስ ባለአክሲዮኑ 700 ብር ጨምሮ ይሙላው የሚለው አስቀድሞ መወሰን አለበት። ከዚህም በላይ ካፒታል ማሳደግ የድንገተኛ ጠቅላላ ጉባኤ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ቦርዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር «ትርፉ ወደ ካፒታል እንዲዞር» ብሎ የሚያቀርበው ሐሳብ፣ ሁለት ዓይነት ጉባኤና ሁለት ዓይነት ድምፅ የሚጠይቅ ነው።

ምሳሌው የሚያሳየው ቁም ነገር ትርፍን መያዝም እንደ መክፈል ሁሉ ወጪና ሥርዓት ያለው ውሳኔ መሆኑን ነው። ቦርዱ ዝም ቢል እንኳ መወሰኑ አይቀርም።

የመዝገብ ትርፍና የእጅ ገንዘብ

ዱቤ የሰጠ ነጋዴ ሁሉ አንድ እውነት ያውቃል፤ በደብተር የሰፈረ ትርፍ መሳቢያ ውስጥ ላይገኝ ይችላል። በአክሲዮን ማኅበርም እንደዚሁ ነው። የገበያ ማዕከሉ የዓመቱን ኪራይ በገቢነት ከመዘገበ በኋላ ተከራዮች ሳይከፍሉ ቢቀሩ፣ መግለጫው ትርፍ እያሳየ የባንክ ሂሳቡ ባዶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁኔታ ድርሻ ለመክፈል ብድር መውሰድ በሕግ ባይከለከል እንኳ፣ የነገውን ወለድ ለዛሬ ደስታ መክፈል ነው።

ከዱቤው የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው የሕንፃው ዋጋ ነው። በዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ለኪራይ የተያዘ ሕንፃ በተገቢ የገበያ ዋጋው እንዲመዘገብ የሚመርጥ ማኅበር፣ የዋጋ ጭማሪውን በዚያው ዓመት የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ላይ ያሳያል። የአካባቢው የንብረት ዋጋ ሲያሻቅብ አንድም ተጨማሪ ሱቅ ሳይከራይ ትርፉ ሊያብጥ ይችላል። ይህ ትርፍ ግን ሕንፃው ካልተሸጠ በእጅ አይገባም። ቦርዱ ያልተጨበጠውን ጭማሪ ከሚከፋፈለው መጠን ለይቶ ካላቀረበ፣ ጉባኤው ግድግዳውን በጥሬ ገንዘብ ለመከፋፈል ድምፅ የሚሰጥ ያህል ነው። ስለዚህ የቦርዱ የውሳኔ ሐሳብ ከትርፍ ስሌቱ ጎን የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ትንበያ ሊያያዝበት ይገባል።

የባንኮች ልምድ

የትርፍ ድርሻ ውሳኔ ከቦርድና ከጉባኤ በላይ ሌላ ኃይል ሊገባበት እንደሚችል የሚያሳየው የባንኮች ልምድ ነው። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 84 የግል ባንክ ከተፈቀደ በኋላ፣ አዋሽ ባንክ በ486 መሥራች ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል በ1987 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ብዙ ሰው አነስተኛ ድርሻ ይዞ የሚሰበሰብበት የዘመናችን የጉባኤ ባህል የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው።

በባንኮች ላይ የብሔራዊ ባንክ ድንጋጌ የጠበቀ ነው። ሕጋዊ መጠባበቂያው ከካፒታሉ ጋር እስኪተካከል ድረስ ከየዓመቱ የተጣራ ትርፍ 25 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ 10 በመቶ ይቀመጣል። ከላይ የተሰጠው ምሳሌ የባንክ ቢሆን ኖሮ መጠባበቂያው 700,000 ብር መሆኑ ቀርቶ 3,500,000 ብር ይሆን ነበር። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የባንክ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድግ፣ ነባር ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. እንዲያሟሉ ጊዜ ሰጠ። በዚህ ጊዜ ለባንክ ቦርዶች ከቀረቡት መንገዶች ቀላሉ የዓመቱን ድርሻ ወደ አክሲዮን ማዞር ነበር። በጡረታና በድርሻ ገቢ የሚኖር ባለአክሲዮን ግን የሚፈልገው ጥሬ ገንዘብ ነው። ቢሆንም በባንክ ረገድ የማስቀረቱ ምክንያት በተቆጣጣሪው መመሪያ በግልጽ ስለተቀመጠ፣ ባለአክሲዮኑ ባይደሰት እንኳ ምክንያቱን ያውቀዋል። የገበያ ማዕከል ማኅበር ይህን የመሰለ ተቆጣጣሪ የለውም፤ ምክንያቱን መግለጽ ያለበት ቦርዱ ራሱ ነው።

ተከራይም ባለአክሲዮንም

አሁን ወደ ጽሑፉ ዋና ነጥብ መመለስ ይቻላል። በምሳሌነት የተወሰደው ማኅበር 5,000 ካሬ ሜትር የሚከራይ ቦታ ይኑረው። ቦርዱ የኪራይ ተመኑን ከአካባቢው ገበያ በካሬ ሜትር በወር 200 ብር ዝቅ አድርጎ ይተምን እንበል። በዓመት የሚታጣው ገቢ 200 በ5,000 በ12 ተባዝቶ 12,000,000 ብር ይሆናል።

ሁለት ባለአክሲዮኖች እናነጻጽር። ሁለቱም እኩል 100 አክሲዮን አላቸው። አንደኛው በሕንፃው ውስጥ 20 ካሬ ሜትር ሱቅ አለው፤ በዓመት 48,000 ብር ኪራይ ይተርፍለታል። ሁለተኛዋ ባሏ ሞቶባት ንግዱን የተወች፣ አክሲዮኖቹን ግን በውርስ የያዘች እናት ናት፤ ከዝቅተኛው ኪራይ የምታገኘው የለም። ተመኑ የገበያውን ዋጋ ቢከተል ኖሮ ከተጨማሪው 12,000,000 ብር ላይ 30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብር፣ ቀጥሎም 5 በመቶ መጠባበቂያ ተቀንሶ 7,980,000 ብር ይቀር ነበር። ይህ ሙሉ በሙሉ ቢከፋፈል ለ100 አክሲዮን 7,980 ብር፣ ከድርሻ ግብር በኋላ 7,182 ብር ይደርሳል። ባለሱቁ 48,000 ብር በሌላ ስም ሲያገኝ፣ ወራሿ 7,182 ብር በስሙ ሳታገኝ ቀረች።

በዚህ ሁኔታ ማንም ሕግ አልጣሰ ይሆናል። ኪራይን ዝቅ ማድረግ በቂ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል፤ ማኅበሩ የተቋቋመው ነባር ነጋዴዎች ከተራቸው እንዳይፈናቀሉ ከሆነ፣ ተመጣጣኝ ኪራይ የዓላማው አካል ነው። ችግሩ ውሳኔው ትርፍን የማከፋፈል ውጤት እያለው በማከፋፈል ሥርዓት አለማለፉ ነው። ሕጋዊው የትርፍ ድርሻ ለእያንዳንዱ አክሲዮን እኩል ይደርሳል፤ በኦዲተር ይመረመራል፤ በጉባኤ ድምፅ ይሰጥበታል። በኪራይ ቅናሽ የሚተላለፈው ጥቅም ግን በሱቅ ስፋት ይደለደላል፤ ጉባኤም ላይደርስ ይችላል። ወራሿ በጉባኤው ቀን እጇን ስታነሣ ድምፅ የምትሰጠው ከተከፋፈለ በኋላ በቀረው ላይ ነው።

የ1952ቱ ሕግ ለዚህ የሚረዳ መሣሪያ ነበረው፤ በማኅበሩና በዳይሬክተሩ መካከል የሚደረግ ውል አስቀድሞ የቦርዱን ፈቃድ እንዲያገኝና ለኦዲተሮች እንዲገለጽ ያዛል። ለማንኛውም ደንበኛ በተለመደ ሁኔታ የሚደረግ ውል ግን ከዚህ ነጻ ነው። የገበያ ማዕከሉ የኪራይ ውል ለሁሉም ተከራይ አንድ ዓይነት ከሆነ «የተለመደ ውል» ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ነገር ግን ተመኑን ያወጡት ዳይሬክተሮች በአብዛኛው ራሳቸው ባለሱቆች ከሆኑ፣ አንድ ዳይሬክተር ለብቻው ያገኘው ልዩ ጥቅም ባይኖርም ቦርዱ በጠቅላላው በጉዳዩ ባለጥቅም ነው። የግለሰብን የጥቅም ግጭት ታስቦ የተቀረጸ ድንጋጌ የጋራ የጥቅም ግጭትን በቀላሉ አይዝም።

ቃለ ጉባኤው ምን ይያዝ?

ከላይ ከተነሡት ነጥቦች በመነሣት የትርፍ ድርሻ ሐሳብ የሚጸድቅበት የቦርድ ቃለ ጉባኤ ቢያንስ የሚከተሉትን ቢይዝ ሥርዓቱ ይጠናከራል። የስብሰባው ቀን፣ የተገኙና የቀሩ አባላት፣ የምልዓተ ጉባኤው መሟላት፤ የኦዲተሩ አስተያየት የደረሰበት ቀንና ይዘት፤ የተጣራው ትርፍ፣ የተሸፈነ ኪሳራ፣ የመጠባበቂያው መጠንና የሚከፋፈለው ቀሪ፤ ከዚህ ውስጥ ያልተጨበጠ የዋጋ ጭማሪ ካለ መጠኑ፤ ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ከግብር በፊትና በኋላ፤ የባለአክሲዮኖች መዝገብ የሚዘጋበትና ክፍያ የሚጀመርበት ቀን፤ በዓመቱ መካከል ለተከፈሉ አክሲዮኖች የሚደርሰው ድርሻ የሚሰላበት መንገድ፤ የማይከፋፈለው ገንዘብ የሚውልበት ዓላማ፤ የተቃውሞ ድምፅና ምክንያቱ።

በገበያ ማዕከል ማኅበራት ላይ ደግሞ አንድ መስመር ሊጨመር ይገባል። እርሱም በዓመቱ የተሠራበት የኪራይ ተመን ከአካባቢው ገበያ ጋር ያለው ልዩነትና ልዩነቱ በትርፉ ላይ ያሳደረው ውጤት ነው። ይህ አኃዝ ከዓመታዊ ሪፖርቱ ጋር ለጉባኤው ከቀረበ፣ ጉባኤው የኪራይ ቅናሹን ዐውቆ ሊያጸድቀው ወይም ሊያርመው ይችላል። ውሳኔው ከሕግ ወይም ከመተዳደሪያ ደንቡ ውጭ ነው የሚል ባለአክሲዮንም ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ በእጁ የሚይዘው ማስረጃ ይኖረዋል።

ማጠቃለያ

በኢትዮጵያ ሕግ የትርፍ ድርሻን የሚያጸድቀው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ቦርዱ ያቀርባል፣ ያስረዳል፣ ከጸደቀ በኋላም ያስፈጽማል። ይሁን እንጂ የአቅራቢው ሥልጣን ትንሽ አይደለም። መጠባበቂያውን፣ ያልተሰበሰበውን ኪራይ፣ የሕንፃውን ዋጋና የጥሬ ገንዘቡን ትንበያ የሚያሰላው እርሱ ስለሆነ፣ የጉባኤው ነጻነት የሚለካው በቀረበለት ሂሳብ ግልጽነት ነው። ባለአክሲዮኑ ተከራይም በሆነባቸው የመርካቶ ማኅበራት ደግሞ የኪራይ ተመኑ ራሱ የማከፋፈያ መንገድ ነው። ለቀጣይ ጥናት የሚጠቅመው የእነዚህን ማኅበራት የኪራይና የድርሻ ውሳኔዎች በአንድነት በየዓመቱ ማነጻጸር ነው። ለባለአክሲዮኑ የሚጠቅመው ደግሞ ከዚያ ይቀላል፤ በጉባኤው ዕለት «ለአንድ አክሲዮን ስንት ደረሰ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ለአንድ ካሬ ሜትር ስንት ተከፈለ?» ብሎ መጠየቅ ነው።